ወንድሜን ማሽን ሁለት ጣቱን ቆረጠው፤ አሠሪው 15,000 ብር ይዞ «ፈርም» እያለው ነው

የታናሹ እህት (እሑድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ በኩል፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መጋዙ ላይ ጣውላ ሲገፋ እጁ ገባ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ከአንጓቸው ሄዱ። አሠሪው ያን ቀን ክፉ አልሆነም። በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰው፣ የቀዶ ሕክምናውንም ከፈለ። ይህን መካድ አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። ሁለት ወር ቤት ሲቀመጥ የተሰጠው 3,000 ብር ነው፣ «ለኪስ» ተብሎ። ባለፈው ዓርብ ጠራውና «15,000 ብር አዘጋጅቼልሃለሁ፣ ይህችን ፈርምና ውሰድ» አለው። ወረቀቷ «ለደረሰብኝ ጉዳት ሙሉ ካሳ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ትላለች። ወንድሜ «ከእህቴ ጋር ልማከር» ብሎ ወጣ።

እናታችን «ሰውዬው ደግ ነው፣ ፈርመህ ተቀበል፣ እንጀራህን ታጣለህ» ትላለች። የእኔ ልብ ግን እሺ አላለም። 15,000 ልክ ነው? ካልሆነ ስንት ነው? የትስ ነው የሚኬደው?

ፌርማታ

አትፈርሙ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ችሎት ለማዳ

እህቴ፣ ወንድምሽን እግዜር ይማረው። ብዙ ዓመት የሠራተኛ ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከአንቀጽ 95 ጀምሮ ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ያን ያህል አይከብድም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። «ካሳ» ሲባል አንድ ጊዜ ተቆጥሮ የሚሰጥ ብር ይመስለዋል። አይደለም። ሕክምናው ለብቻ ነው፣ ቤት የተቀመጠበት ጊዜ ክፍያ ለብቻ ነው፣ ለቀሩት ጣቶች የሚከፈለው ደግሞ ለብቻ ነው። አንዱ ሌላውን አይበላም።

ሕክምናውን አሠሪው ከፍሏል፣ ጥሩ። ግን ችሮታ አይደለም፣ ግዴታው ነው። ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የሆስፒታል አልጋ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካል፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። ያደረሰበት መኪናም ጭምር። የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ሆስፒታል ማድረስ በሕግ የተጻፈ ነው።

ቤት የተቀመጠበት ጊዜ ደግሞ እንዲህ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ። ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ። ከዚያ በኋላ ያሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ከዓመት በላይ አይሄድም። ሐኪም «ድኗል፣ ይሥራ» ካለም ያኔ ይቆማል። ስለዚህ ያ «ለኪስ» የተባለው 3,000 ብር ከሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ ላይ ተቀናሽ ሊሆን ይችላል እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ሦስተኛው ነው ትልቁ። ሁለት ጣት ማጣት በአዋጁ ቋንቋ «ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት» ይባላል። መጠኑን የሚናገረው አሠሪው አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም። የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱ በመቶኛ ይጽፋል። ያ መቶኛ ሳይጻፍ «ሙሉ ካሳ ተቀብያለሁ» ብሎ መፈረም ሚዛን ላይ ሳይወጣ ቡና እንደ መሸጥ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪኝ። ደመወዙ ስንት ነው? ጡረታ ይቆረጥበታል?

የታናሹ እህት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደመወዙ 9,000 ነው። ግን ፔይሮል ላይ የሚፈርመው በ5,000 ብር ነው። ቀሪውን 4,000 ሰውዬው ራሱ ነው የሚሰጠው። ጡረታ ከ5,000ው ላይ ይቆረጣል፣ ደረሰኙ ላይ አይቻለሁ።

ፌርማታ

ኧረ ይቺ «ሁለት ፔይሮል» የምትባል በሽታ ግን መድኃኒት አልተገኘላትም? እኔም ቤት አለች።

ችሎት ለማዳ

እንግዲህ ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን በምሳሌ ላሳይሽ። ቦርዱ ምን እንደሚል ስለማይታወቅ 20 በመቶ ብሎ ጻፈ እንበል። ለምሳሌ ያህል ነው፣ እንዳትይዢው።

በአዋጁ አንቀጽ 109 መሠረት አሠሪው ራሱ የሚከፍል ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት ላቃተው ሰው የሚከፈለው የአንድ ዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው። ከዚያ በታች ለተጎዳ በመቶኛው ልክ ይሰላል። 9,000 በ12 ወር በ5 ዓመት 540,000 ይመጣል። የዚህ 20 በመቶ 108,000 ብር ነው። በ5,000 ከሄድሽ ግን 60,000 ይሆናል።

ነገር ግን ጡረታ የተመዘገበ ሠራተኛ ከሆነ መንገዱ ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ይዞራል። እዚያ የሚሰጠው «የጉዳት ዳረጎት» ይባላል፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት ለሚችል ሰው ነው። ስሌቱ የወር ደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ነው። በ5,000 ብርና በዚያው 20 በመቶ ሲሰላ 28,200 ይወጣል። ጨርሶ መሥራት ያልቻለ ሰው ደግሞ 47 በመቶውን በየወሩ እንደ ጡረታ ያገኛል።

አየሽው? ያው ጣት፣ ያው መጋዝ። 108,000፣ 60,000፣ 28,200። ልዩነቱን ያመጣው ወረቀት ነው።

ከሁሉም በፊት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጉዳት ዋስትና ከኢንሹራንስ ገብቶ እንደሆነ ጠይቂ። የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪው ጋር የተዋዋለው ካላቸውም የሚያስበልጥ ነገር ሊኖረው ይችላል። ትንሽ ወርክሾፕ ስለሆነ ይኖራል ብዬ አልገምትም፣ ግን መጠየቅ አይከፈልበትም።

ጡረተኛው ሸማኔ

ልጄ፣ እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 27 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ምክር ልስጥሽ። ያ 4,000 ብር በእጅ ነበር የሚሰጠው ወይስ በስልክ? እኛ ጊዜ ሁሉም በፖስታ ነበር፣ ማስረጃ የለም። የዛሬ ልጆች ግን ገንዘቡ ሁሉ ስልካችሁ ውስጥ ነው ያለው።

የታናሹ እህት

አባቴ፣ እርስዎ ይባረኩ። አሁን ጠየቅሁት። በቴሌብር ነው! በየወሩ መጨረሻ ከሰውዬው ስልክ 4,000 ብር ገብቶለታል። ከመጋቢት ጀምሮ ያለውን አገኘነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ስልኩን ስለቀየረ አላገኘም።

ችሎት ለማዳ

ጋሼ ሸማኔው ከእኔ ቀደሙ። በጣም ጥሩ። ስክሪን ሹቱን አንሺ፣ ዝርዝሩንም ከቴሌብር አስወጪ።

ግን ቶሎ ደስ አይበልሽ። ሰውዬው «ያ አበል ነው፣ የትርፍ ሰዓት ነው» ሊል ይችላል። አዋጁ ደመወዝ ሲል ትርፍ ሰዓትን፣ የጉዞ አበልን፣ ቦነስን አይጨምርም። በየወሩ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚገባ ብር ግን ትርፍ ሰዓት አይመስልም። ትርፍ ሰዓት እንዲህ አይደገምም። ዳኛም ይህን ያያል።

ባለ ወርክሾፑ

እኔ አሠሪ ነኝ፣ ስድቡን ተዘጋጅቼ ነው የምጽፈው። ስምንት ሠራተኛ አለኝ። ሁልጊዜ ሠራተኛ ተበዳይ፣ አሠሪ በዳይ ተደርጎ ይወራል። ያ መጋዝ መከለያ አለው። ልጁ መከለያውን አንስቶ ቢሠራስ? ስልኩን እያየ ቢሠራስ? በሱ ጥፋት ለምን እኔ 100 ሺህ እከፍላለሁ? 100 ሺህ ብር ማለት ለኔ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነው። ሰውዬው እኮ ሆስፒታል ወስዶታል፣ ሌላው ጥሎ የሚሸሽም አለ።

ፌርማታ

አልሰደብንህም እኮ ወንድም፣ ገና ነን 😄

ችሎት ለማዳ

ባለ ወርክሾፑ፣ ጥያቄህ የብዙ አሠሪ ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ።

አንቀጽ 96 የሚለው አሠሪው ጥፋት ኖረውም አልኖረውም ተጠያቂ ነው ነው። አጥፍተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅህም። ሥራው ያንተ ነው፣ ትርፉ ያንተ ነው፣ አደጋውም ከሥራው ጋር ይመጣል፤ ሐሳቡ ይሄ ነው። የምትድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። ለምሳሌ አስቀድመህ በግልጽ የሰጠኸውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከመጣ።

ስለዚህ «ተዘናግቶ ነው» አያድንህም። መዘናጋት ሆን ማለት አይደለም። «መከለያ አትንኩ» ብለህ ጽፈህ ለጥፈሃል? አስፈርመሃል? ሲያነሱት አይተህ ገሥጸሃል? እነዚህ ካሉህ የምትከራከርበት አለህ። ከሌሉህ የለህም።

የታናሹ እህት

ስለ መከለያው ወንድሜን ጠየቅሁት። ሳቀ። መከለያው ከሰኔ ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፣ አቧራ ለብሶ። ፎርማኑ ነው ያነሳው፣ «ወፍራም ጣውላ አያሳልፍም፣ ሥራ ያጓትታል» ብሎ። አብሮት የሚሠራ ልጅ ያውቃል፣ ግን «እኔን በምስክርነት አታንሱኝ፣ ልጆች አሉኝ» አለ። አልፈርድበትም።

ባለ ወርክሾፑ

እሺ። እንደሱ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

እውነቱን ልናገር፣ የኔም መጋዝ መከለያ ግማሽ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው ያለው። ነገ ጠዋት አስገጥማለሁ። ጥያቄ አለኝ ግን። ኢንሹራንስ ብገባ ይህን ሁሉ ይሸፍንልኛል? ጡረታውን በሙሉ ደመወዝ ብከፍልስ?

ችሎት ለማዳ

ሁለቱንም አድርግ። ኢንሹራንሶች የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ዋስትና ይሸጣሉ፣ ውሉን ግን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብብ፤ የሕክምና ጣሪያው ትንሽ የሆነ አለ። ጡረታ ደግሞ ከሠራተኛው 7፣ ካንተ 11 በመቶ ነው። በሙሉ ደመወዝ ስትከፍል በየወሩ ትንሽ ይሰማሃል። አደጋ ሲመጣ ግን «ያስመዘገብኩት ይሄን ነው» ብለህ ቀና ብለህ ትቆማለህ። በግማሽ ያስመዘገበ አሠሪ ችሎት ፊት ሲቆም ከመጀመሪያው ፊቱን ያጣል።

ነጭ ጋውን

እኔ ነርስ ነኝ፣ አጥንት ክፍል። ከሕጉ ወጥቼ ስለ ካርዱ ልናገር። እህቴ፣ የወንድምሽ የሕክምና ካርድ ላይ ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?

ይህን የምጠይቀው ምክንያት አለኝ። በድንገተኛ ክፍል የምንጽፈው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው ሁሉም የሚንጠለጠለው። የሚያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ አሠሪው ወይም ፎርማኑ ነው፣ የሚናገረውም እሱ ነው። «ቤት ውስጥ ወደቀ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። በሽተኛው በሕመም ውስጥ ሆኖ አይሰማም። ከወር በኋላ ቦርድ ሲመጣ ካርዱ ሌላ ታሪክ ይናገራል።

የታናሹ እህት

ካርዱን አየነው። «በማሽን የደረሰ የእጅ ጉዳት» ይላል። የት እንደሆነ አይልም። ከፍሎ ያስመጣው ሰው ስም ላይ ግን የአሠሪው ስም አለ፣ የከፈለበት ደረሰኝም በድርጅቱ ስም ነው።

ነጭ ጋውን

መጥፎ አይደለም። ደረሰኙን ኮፒ አድርጊ። አሁን ደግሞ ስለ ቦርዱ፦ ቁስሉ ሳይድን አትሂዱ። ሐኪሙ ሕክምናው አልቋል፣ ከዚህ በላይ አይለወጥም ሲል ነው ቦርድ የሚያየው። ቁስሉ ሳይደርቅ ብትሄዱ «ተመለሱ» ይባላል። በራሳችሁ ሄዳችሁ ስትጠይቁም አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ከአሠሪው፣ ወይም ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፣ ወይም ከፍርድ ቤት። የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያና ኤክስሬዩን ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላ። ጣቶቹ ተቆርጠዋል ብቻ ብሎ አይጨርስ። የቀሩት ጣቶች ይታጠፋሉ? ይደነዝዘዋል? ብርድ ሲሆን ይቆረጥመዋል? ብርጭቆ ይይዛል? ቀኝ እጁ ከሆነ ሁሉንም ይናገር። ወንዶች ቦርድ ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳሉ። ጀግንነት እዚያ ቦታ አያስፈልግም።

ጡረተኛው ሸማኔ

እኔ ደህና ነኝ ካሉት አንዱ ነኝ። ማሽን ክፍል ውስጥ 27 ዓመት ሙሉ ስጮህ ኖሬ ጆሮዬ ደከመ። ሐኪም ሲጠይቀኝ «እሰማለሁ» አልኩ። ልጆቼ ናቸው እየጮሁ የሚያናግሩኝ።

ችሎት ለማዳ

ጋሼ፣ የእርስዎም በአዋጁ ስም አለው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ይባላል። በአደጋ ብቻ አይደለም፣ ከሥራው ጠባይ የተነሳ ቀስ ብሎ የመጣ ጉዳትም ይካሳል። ጥጥ የሚተነፍሱ፣ ሲሚንቶ የሚተነፍሱ፣ በማሽን ድምፅ ጆሯቸው የሄደ። አስቸጋሪው ከሥራው መጣ ብሎ ማስረዳቱ ነው። ጉዳቱ እንደደረሰ የሚቆጠረውም በሽታው ከተገለጸበት ቀን ነው። የእርስዎ ግን ጊዜው አልፎታል ብዬ እፈራለሁ። አዝናለሁ።

ዝናባማው ሲያትል

ከዚህ ማዶ ሆኜ ሳነበው ገረመኝ። ነርሷ ያለችው የመጀመሪያው መስመር እኔንም አስከፍሎኛል። ዋሽንግተን ስቴት ነው ያለሁት። መጋዘን ውስጥ ስሠራ ወገቤን ተጎዳሁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ፣ «ዕቃ ሳነሳ» አልኩ፣ «ሥራ ላይ» አላልኩም። ዓይን አፋርነት ነው። ሂሳቡ በራሴ ኢንሹራንስ ሄደ። ለማስተካከል አምስት ወር ፈጀብኝ።

እዚህ ስቴት የሥራ ጉዳት ካሳ የሚተዳደረው በመንግሥት ፈንድ ነው። ሐኪሙ ጋ ሆነህ ፎርሙን ትሞላለህ፣ ሐኪሙ ይልከዋል። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ አማርኛም አለ። ቤት በምትቀመጥበት ጊዜ እንደ ቤተሰብህ ሁኔታ ከደመወዝህ ከ60 እስከ 75 በመቶ ይከፈላል። ጥያቄውን ለማስገባት አንድ ዓመት ነው ያለህ። እንደ ኡበርና ሊፍት ያሉ አሽከርካሪዎችም ከ2023 ጀምሮ ተካተዋል። ግማሹ አበሻ መኪና ስለሚነዳ ይህን ማወቅ አለበት፣ ብዙው አያውቅም። ቴክሳስ ያሉ ዘመዶቼ ግን ተጠንቀቁ፣ እዚያ የግል አሠሪ ከሥርዓቱ ውጪ መሆን ይፈቀድለታል።

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ።

ፌርማታ

አልወጣህም። እኔም የምጠይቀው አለኝ፣ ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ብጎዳስ?

ችሎት ለማዳ

ፌርማታ፣ በስምህ መጣህ። የድርጅቱ ሰርቪስ ውስጥ ከሆንክ፣ ወይም ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በተከራየው መኪና ውስጥ ከሆንክ፣ የሥራ ላይ አደጋ ነው። በራስህ ታክሲ ስትሄድ ግን አይደለም። አለቃህ «ሂድና ይህን ዕቃ ከመርካቶ አምጣ» ብሎህ በመንገድ ላይ ብትጎዳ ደግሞ ነው፤ ከሥራ ቦታና ከሥራ ሰዓት ውጪም ቢሆን፣ የአሠሪውን ትእዛዝ እየፈጸምክ ነውና።

እንግዳ 7

የቀን ሠራተኛ ግን ምንም የለውም አይደል? ሕንፃ ላይ ነው የምሠራው። ካቦው «ውል የለህም፣ ብትወድቅ የራስህ ጉዳይ ነው» ይላል።

ችሎት ለማዳ

ካቦህ ይዋሻል። ወይ አያውቅም። በቀን ተከፈለህ በወር፣ ውሉ ተጻፈ አልተጻፈ፣ ሠራተኛ ነህ። ችግሩ ማስረጃ ነው። ስምህ የሚጻፍበት የመቆጣጠሪያ ወረቀት ካለ ፎቶ አንሳው። አብሮህ የሚሠራ ሰው ስልክ ያዝ። በየቀኑ የሚከፍልህ ማን እንደሆነ እወቅ፣ ንዑስ ተቋራጩ ነው ወይስ ዋናው።

አዋጁ በእርግጥ የማይነካው ሰው አለ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ለእሷ የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ለኔ ይህ ያሳፍራል፣ ግን ሕጉ ያለው እንደዚህ ነው።

የታናሹ እህት (ረቡዕ)

ጋሼ፣ እናቴ የምትፈራው ሥራውን እንዳያጣ ነው። ብንከስ ያባርረዋል ትላለች። ደግሞስ ፈርሞ ቢሆን ኖሮ አልቆለት ነበር?

ችሎት ለማዳ

ለእናትሽ እንዲህ በያቸው። ሠራተኛ አቤቱታ ስላቀረበ ወይም አሠሪውን ስለከሰሰ ማባረር ሕጋዊ ምክንያት እንዳልሆነ አንቀጽ 26 በግልጽ ይላል። አያባርሩም ማለቴ አይደለም። ቢያባርሩት ሌላ ክስ፣ ሌላ ክፍያ ይመጣባቸዋል ማለቴ ነው።

ፈርሞ ቢሆንም ተስፋ አይቆረጥም። ሰውዬው ወረቀቱን የሥራ ውል ማቋረጫ ስምምነት አድርጎ ቢያቀርበው እንኳ፣ በእንዲህ ያለ ስምምነት ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት መተዉ ዋጋ እንደሌለው አንቀጽ 25 ይናገራል። ግን ያን ለማስረዳት ዓመት ትመላለሳላችሁ። ሳይፈርሙ መቆየት ይቀላል።

ጊዜውን ተጠንቀቂ። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ በጠቅላላው በ1 ዓመት ይታገዳል። የደመወዝና የሌላ ክፍያ ጥያቄ ግን በ6 ወር። ቤት የተቀመጠበትን ክፍያ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚያስገቡት ለመከራከር አትቀመጪ፣ 6 ወሩ ሳይሞላ አስገቢ። ጥቅምት ላይ ከሆነ የተጎዳው፣ መጋቢትን አትጠብቂ። አሠሪው «ቆይ፣ እንስማማለን» እያለ ቀን የሚያስቆጥረው ለዚህ ነው። እንስማማለን ካለ በጽሑፍ ይስጥሽ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ካመነ የጊዜው ቆጠራ ይቋረጣል።

መጀመሪያ ወደ ክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ይጠሩታል፣ ለማስማማት ይሞክራሉ። ካልሆነ የሥራ ክርክር ችሎት። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፤ በተግባር ይረዝማል፣ ግን እንደ ቦታ ክርክር አሥር ዓመት አይፈጅም። የሚገኘው ካሳ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም፣ «ያበደርኩህን ልቀንስ» ብሎ መያዝም አይቻልም።

የታናሹ እህት (ከዐሥር ቀን በኋላ)

ሰላም ናችሁ? ወሬ ይዤ መጣሁ።

ክፍለ ከተማ ሄድን። የተቀበለችን ሴት ጎበዝ ናት፣ ወረቀታችንን አንድ በአንድ አየችው። ሰውዬውን በደብዳቤ ጠራችው። በሁለተኛው ጥሪ መጣ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ «ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ፣ አሁን ከሳሽ ሆኑብኝ» አለ። ወንድሜ ምንም አልመለሰም። የቴሌብሩን ዝርዝር ስታወጣ ግን ዝም አለ። ከዚያ «አበል ነው» አለ፣ ልክ ጋሼ እንዳሉት! ሴትየዋ «የምን አበል?» አለችው። መልስ አልነበረውም።

የሁለት ወሩን ደመወዝ በ9,000 አስልቶ፣ 3,000ውን ቀንሶ 15,000 ሊከፍል ተስማማ። ሲያስቀኝ ዋለ። ያው 15,000 ብር! መጀመሪያ «ሙሉ ካሳ» ብሎ ሊያስፈርመን የነበረው ገንዘብ የሁለት ወር ደመወዙ ብቻ ነበር። በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ተፈራረምን፣ «የዘላቂ ጉዳቱ ክፍያ በቦርድ ውሳኔ መሠረት ይታያል» የሚል መስመር አስገብተናል። የቦርድ ደብዳቤም ጻፉልን። ቀጠሮው ጥር ላይ ነው።

የቀረው ክርክር የጡረታው ነው። ሰውዬው «እሱን ማኅበራዊ ዋስትና ይክፈል» እያለ ነው። በ5,000 ማስመዝገቡን ግን አሁን በራሱ አፍ ተናገረ፣ እሱም ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

ችሎት ለማዳ

የልብ ሰው ነሽ! ያ የመጨረሻው መስመር ወርቅ ነው። አሠሪው ሆን ብሎ ዝቅ ባለ ደመወዝ አስመዝግቦ የቀረውን ልዩነት ማን ይሸከም የሚለው እውነተኛ ክርክር ነው። በእርግጠኝነት ታሸንፋላችሁ ብዬ አልሸነግልሽም። ቦርዱ መቶኛውን ሲጽፍ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የክሱን ረቂቅ አብረን እናያለን። አላስከፍልም።

ነጭ ጋውን

ከቀጠሮው በፊት እጁን ፎቶ አንሱት። ከላይም፣ ከመዳፉም። ጨብጦና ዘርግቶ።

ባለ ወርክሾፑ

መከለያው ተገጥሟል። ሠራተኞቼ አሁንም ያጉረመርማሉ፣ ያጓትታል እያሉ። እውነት ነው፣ ያጓትታል።

ወንድምየው

ሰላም። የሷ ወንድም ነኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ቦርድ ከማየቴ በፊት ሥራ ብመለስ ካሳው ይቀርብኛል? ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ። ቀለም መቀባትና ማለስለስ እችላለሁ፣ ሞክሬዋለሁ።

ችሎት ለማዳ

አይቀርብህም። ሥራ ስትጀምር የሚቆመው ቤት ለተቀመጥክበት የሚከፈለው ነው። የጣቶችህ ለብቻው ነው። አዋጁ መሥራት ባያቅትህ እንኳ ከባድ የአካል ጉድለትን እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጥረዋል። ግን ሐኪምህ «ይችላል» ብሎ ይጻፍልህ፣ ቀለል ያለ ሥራ ይመደብልኝ ብለህም በጽሑፍ ጠይቅ። ኮፒውን ለእህትህ ስጣት።

ወንድምየው

እሺ ጋሼ። መጋዙ ጋ ግን አልመለስም።